ለሳይንስ ክበባችን ወላጆች፦ የፊታችን ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ነን

ሰላም ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ውሃ አፈሉ። ተራ ነገር ይመስላል። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። የእኛ ቴርሞሜትር ግን 94 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። አንዷ ተማሪ «ተበላሽቷል!» ብላ ሌላ አመጣች። ያው 94። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ንፍሮው ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ እስከዛሬ ከሰሉን ስረግም ኖሬያለሁ!

የፊታችን ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል እንሄዳለን። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ላስቲኩም ቆሻሻውም እዚያው ይጠራቀማል። ልጆቹ ውሃ ቀድተው በነጭ ጨርቅ ያጠሉታል፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን በማጉያ መነጽር ያያሉ።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቁራጭ ነጭ ጨርቅና ኮፍያ አስይዟቸው። ዓሣ የምትበልቱ ወላጆች ካላችሁ እባካችሁ ኑልን፤ አንድ ቆሮሶ ከፍታችሁ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ታሳዩናላችሁ። ከመምህራኑ ይልቅ የእናንተ እጅ ያውቀዋል።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ። ምሳ ስትቋጥሩ ትልቁን ወፍ አባ ኮዳን አትርሱት፤ ቀማኛ ነው።