የቡቺ የሽንት ናሙና ጉዳይ

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የውሻዬ የቡቺ ካርድ እናንተው ጋ ስላለ ታሪኳን ከሀ እስከ ፐ አልደግምም። የምጽፈው ስለ ሐሙሱ ቀጠሮ ነው።

ሐኪሙ ሽንቷን በመርፌ ከፊኛዋ ሲቀዳ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ከወለል ላይ የተለቀመ ሽንት ስለሚበከል ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት ለሚደረገው ምርመራ፣ አይሆንም ብሎ በደንብ አስረድቶኛል፣ ለዚህ አመሰግናለሁ። ናሙናው ዛሬውኑ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ውጤቱን ሐሙስ እኔው ራሴ ደውዬ እነግርሻለሁ፣ እስከዚያ አንቲባዮቲክ እንዳትሰጫት አለኝ። ሐሙስ ስልኬን ይዤ ዋልኩ። ማንም አልደወለም። ዓርብ ጠዋት ራሴ መጣሁ፤ ምን ባይ ጥሩ ነው? ስሟ በፕላስተር የተለጠፈበት ብልቃጥ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከስልክ ቻርጀር አጠገብ ተቀምጧል። ፍሪጅ ውስጥ እንኳን አይደለም! ውጭ የዋለ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ እንደሚራባ፣ ክሪስታልም ሊፈጠር እንደሚችል እኔ ነኝ ለእናንተ የምነግራችሁ?

ለምን እንዳልተላከ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ ስጠይቃት ቀና እንኳን ሳትል “ውሻ አይደለች እንዴ፣ ብትሸና ምን አለበት?” አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ሳቀች። ከዚያ “ለማንኛውም ይሄን ስጫት” ብላ የአንቲባዮቲክ ፓኬት ገፋ አደረገችልኝ። ማን አዘዘው? ካልቸር ሳይወሰድ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣው ውጤት ባክቴሪያው እያለም የለም ሊል ይችላል። ያለፈው ጊዜም እንዲሁ በግምት ሰጣችኋት፣ ትንሽ ተሻላት፣ ተመልሶ መጣ።

እሷ እኮ ደጋግማ ቁጢጥ ትላለች፣ ታምጣለች፣ የሚወጣው ጠብታ ነው፤ ትናንት ማታ ደግሞ ሮዝ መልክ ነበረው። ትንንሽ ዝርያዎች ላይ የፊኛ ጠጠር የተለመደ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ጠጠሩ ስትሩቫይት የሚባለው ዓይነት ከሆነ በምግብና በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ከሆነ ግን አይሟሟም፣ መውጣት አለበት። ታዲያ ራጅ ሳትነሳ ጠጠር መኖር አለመኖሩ እንዴት ይታወቃል? ስጠይቅ “ባለሙያው የለም”፣ ሌላ ቀን “ማሽኑ ተበላሽቷል”፣ ዛሬ ነገ ነው። ካርዷ ላይ ወንድ ተብላ መጻፏንም ነግሬያችሁ እስካሁን አልተስተካከለም፤ የሽንት ችግር ይዞ ለመጣ ውሻ ይሄ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ደረሰኝ ለማግኘት የቆምኩትን እንኳን ልተወው።

መጀመሪያ ልጽፍ ያሰብኩት ናሙናው እንደገና ይወሰድ ብዬ ብቻ ነበር። አሁን ግን ላልተሠራው ካልቸር የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ። ራጁም በዚህ ሳምንት ይነሳ። የማትችሉ ከሆነ ሙሉ መዝገቧን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ሌላ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ፤ ያኔ ይሄው ደብዳቤ የእንስሳት ሕክምናን ለሚቆጣጠረው አካልም ይደርሳል። ልጅቷም ይቅርታ ትጠይቀኝ። መልሱን እንደ ሐሙሱ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

የቡቺ ባለቤት