ጅብ በመብራት፣ የባሕር ኤሊ በጨለማ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሐረርና ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገደኛ ዛሬ ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ ብቻ አይሄድም። ለመዋኘትና በደሴት ላይ ለማደር የሚሄድ አለ፤ የባሕር ኤሊ ከውሃ ወጥታ እንቁላሏን ስትጥል ማየት እንደሚፈልግ የሚነግረንም አለ። በሁለቱ ከተሞች በአስጎብኚነት የምንሠራ ሰዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለእነዚህ መንገደኞችና ይዘዋቸው ለሚሄዱ ባልደረቦቻችን ነው። የዚህን ጉዞ ውጤት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ብርሃን ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ስለ ብርሃን የሚሰማው አሸዋው ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች በሌሊት እንስሳ ማሳየትን የተማርነው ከሐረር ጅብ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጭ በባጃጅና በመኪና መብራት ፊት ጅቦቹ ይሰበሰባሉ፣ ከእንጨት ጫፍ ሥጋ ይቀበላሉ፤ ጎብኚው ያወራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ሲፈልግም በእጁ ያጎርሳል። የሐረር ጅብ ከከተማው ሰው ጋር ስለኖረ መብራቱም ድምፁም አያርቀውም። ይህንኑ ልማድ ይዞ ባሕር ዳር የወረደ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከእርሱ ባዶ መመለስ የሚብሰው ደግሞ ኤሊዋ እንቁላሏን ሳትጥል መመለሷ ነው።

እናቲቱ ውሃ ውስጥ ፈጣን ናት። መሬት ላይ ግን ክብደቷን እየጎተተች ስለምትሄድ ከምንም ነገር ሮጣ ማምለጥ አትችልም። ስለዚህ ከማዕበሉ ወጥታ ወደ ላይ በምትሳብበት ጊዜ የሰው ጥላ ሲንቀሳቀስ ወይም የእጅ ባትሪ ሲበራ ካየች ዞራ ወደ ባሕር ትገባለች። ያን ሌሊት ወይም በማግስቱ ሌላ ቦታ ልትሞክር ትችላለች፤ ተደጋግማ ከተባረረች ግን ለእንቁላል የማይመች ስፍራ ላይ ለመጣል ትገደዳለች። ለጫጩቶች ብርሃን ከዚህም የከፋ ነው። በሌሊት ከአሸዋ ሲወጡ የሚሄዱት ዝቅ ብሎ ብሩህ ወደሚታያቸው አድማስ ነው፤ በተፈጥሮ ያ አቅጣጫ ባሕሩ ነው። የሆቴል አምፖል ወይም የካምፕ እሳት ከኋላቸው ከበራ ወደ የብስ ይጓዛሉ፤ ሲነጋ ፀሐይ ያደርቃቸዋል፣ ሸርጣንና ውሻ ይለቅማቸዋል።

በጅቡቲ ውሃ የታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ትልቋ ናት፤ የጀርባዋ ቅርፊት 1 ሜትር ያህል ነው፣ ክብደቷም ከ100 ኪሎ ያልፋል። ሁለተኛዋ እንደ ጭልፊት የጠመመ ሹል አፍ ያላት፣ አነስ ያለችው ናት፤ ሰዎች ለጌጥ የሚፈልጉት ቅርፊት የእርሷ ነው። አስጎብኚ ሁለቱን በዱካቸው መለየት አለበት። አረንጓዴዋ ሁለቱን የፊት መቅዘፊያዎቿን በአንድ ጊዜ ስለምትገፋ ዱካዋ ግራና ቀኙ ትይዩ ሆኖ ወደ 1 ሜትር ይሰፋል። ባለ ጭልፊት አፏ እያፈራረቀች ስለምትራመድ ዱካዋ ጠበብ ያለና ግራና ቀኙ የማይገጥም ነው። ይህን ማወቅ ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የት እንደምንጠብቃት ይወስናል። አረንጓዴዋ ገላጣ አሸዋ ላይ ትቆፍራለች። ሌላዋ ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች፤ መንገደኛው በሌሊት ለሽንት የሚሄደውም ወደዚያው ቁጥቋጦ ስለሆነ የመጸዳጃው ቦታ ገና በቀን ተወስኖ ለሁሉም መነገር ይኖርበታል።

ዱካው ሌላም ነገር ይናገራል። ወደ ላይ የወጣ አንድ መስመር ብቻ ካለ እናቲቱ ገና የብስ ላይ ናት፤ ሁለት መስመር ካለ ተመልሳለች። ስለዚህ ቡድኑ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ዳርቻውን የሚቃኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያለ መብራት፣ እርጥቡን አሸዋ ይዞ። ከእርጥቡ አሸዋ በላይ መመላለስ የቀደሙ እንቁላሎችን መርገጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእናቲቱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው፤ ሰው መቼ እንደሚቀርብ የሚያዘውም ያ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ከውሃ ትወጣለች፤ እየቆመች፣ አንገቷን እያነሳች። በዚህ ጊዜ ማንም መንቀሳቀስ የለበትም። ቀጥላ በፊት መቅዘፊያዎቿ አሸዋ እየበተነች ሰውነቷ የሚያርፍበትን ሰፊ ጉድጓድ ታወጣለች፤ አረንጓዴዋ በተለይ አሸዋውን ሜትሮች ድረስ ትወረውራለች። ይህ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ሥር ወይም ድንጋይ ከገጠማት ትታው ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሸዋ ሲበር ያየ ሰው «ጀመረች!» ብሎ ይነሳል፤ እርሷ ግን ገና ምንም አልጀመረችም፣ በቀላሉም ትባረራለች።

ከዚያ አሸዋ መበተኑ ይቆምና ጸጥ ትላለች። የኋላ እግሮቿን እያፈራረቀች ጠባቡን የእንቁላል ጉድጓድ የምትቆፍረው አሁን ነው። እግሮቿ ከእንግዲህ የጉድጓዱን ታች መድረስ ሲያቅታቸው መቆፈሩን ትተውና እንቁላል መውረድ ይጀምራል። ቃኚው ከኋላዋ በሆዱ ተስቦ ይህን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ሰዎቹን ይጠራል። በመጣል ላይ ያለች ኤሊ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ትታገሣለች፤ ግን ምንም አይሰማትም ማለት አይደለም። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ ረድፍ፣ ከኋላዋ ይመጣሉ። ከፊቷም ሆነ ከጎኗ ማንም አይቆምም፣ ማንም አይነካትም። እንቁላሎቹ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ያህላሉ፤ ቅርፊታቸው ልስልስ ስለሆነ ሲወድቁ አይሰበሩም። በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ትጥላለች፤ መጣሉ ግን ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ቡድን ከ10 ሰው አይብለጥ የምንለው፤ 25 ሰው ተራ ሲጠብቅ የመጨረሻዎቹ የሚያዩት ሲሸፈን ነው፣ እነርሱም ለማየት ይገፋፋሉ።

ዓይኗ ሥር የሚወርደውን እንባ አይተው «ምጥ ነው፣ ታለቅሳለች» የሚሉ አስጎብኚዎች አሉ። እባካችሁ ይህን እንተው። ከዓይኗ ኋላ ያለ ዕጢ ከባሕር ውሃ የገባውን ትርፍ ጨው ያስወጣል፤ ውሃ ውስጥም ሆና ያስወጣዋል፣ የምናየው ግን የብስ ላይ ስትሆን ነው። እውነቱ ከተረቱ አያንስም፤ ሳይዛባ ብንነግረው ጎብኚው የበለጠ ይገረማል።

ጥላ ስትጨርስ ጉድጓዱን በኋላ እግሮቿ ትደፍናለች፤ ከዚያ በፊት መቅዘፊያዎቿ አሸዋ እየበተነች ወደ ፊት ትሳባለች። ይህ ቦታውን ለመሰወር ነው፤ በመጨረሻ የምትነሳበት ስፍራ እንቁላሉ ያለበት ስፍራ አይደለም። ቦታውን አውቃለሁ ብሎ በዱላ የሚወጋ ወይም በእጅ የሚቆፍር ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ከተጣለ ጥቂት ሰዓት ያለፈው እንቁላል ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ፅንስ ይሞታል። ቡድኑ በዚህ ደረጃ ወደ ኋላ ማፈግፈግና በእርሷና በባሕሩ መካከል ያለውን መንገድ ክፍት መተው አለበት። አረንጓዴዋ ከወጣችበት እስክትገባ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይወስድባታል፤ ሰው ግን አጠገቧ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባይቆይ ይሻላል።

ስለ መብራቱ ዝርዝር እንጨምር። የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ማየት ያንን ሁሉ ያጠፋዋል፣ ከጎን የተቀመጠውንም ሰው ጭምር። ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ሰዓትም፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ትንሽ መብራት የሚያበራ ካሜራም እንዲሁ። ፍላሽ ፈጽሞ አይታሰብም። መብራት የሚይዘው አስጎብኚው ብቻ ነው፤ እርሱም ቀይና ደብዛዛ መሆን አለበት፣ የሚበራውም ከኋላዋ ወደ እንቁላሉ ብቻ ነው። በጠንካራ ባትሪ ላይ ቀይ ወረቀት መጠቅለል አይበቃም፤ ደማቅ ቀይ ያው ደማቅ ነው። ልብስን በተመለከተ ነጭ ነጠላና ነጭ ጋቢ በጨረቃ ብርሃን ከሩቅ ስለሚታዩ እቤት ይቅሩ፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ሹራብና ጠቆር ያለ ሽርጥ ይሻላል።

ዳርቻው ላይ በቀን መድረስ ሌላው ቸል የሚባል ነገር ነው። በቀን ሲደረስ ልጆች የቆፈሩት ጉድጓድ ይደፈናል፣ ወንበርና ገመድ ይነሳል፣ ቆሻሻ ይለቀማል። መኪና አሸዋው ላይ አይነዳም፤ የጎማው ቦይ ጫጩቶችን ይይዛል፣ ክብደቱም እንቁላሉን ይጫናል። እሳትም አይነድም። የአሸዋው ሙቀት የጫጩቶቹን ፆታ የሚወስን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወንድና ሴት ይደባለቃሉ፣ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ፣ በጣም ሲሞቅ ደግሞ ይሞታሉ። የጫት ፌስታል ነገር ለብቻው ይነገር፤ ከድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይዞት የሚሄደው እርሱ ነውና። ነፋስ ወደ ውሃ የወሰደው ፌስታል ለኤሊዋ ጄሊፊሽ ይመስላታል፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይዘጋል። የሄደው ፌስታል ተቆጥሮ ይመለስ።

የጉዞው ዝግጅት ላይ ዘወትር የሚበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ጅቡቲና እኛ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ብንሆንም አቆጣጠራችን 6 ሰዓት ይለያያል፤ ጀልባ ነጂው «9 ሰዓት» ሲል የእኛ 3 ሰዓት ነው። ቀኑንም በእነርሱ ካሌንደር አረጋግጡ። ሁለተኛው ባቡሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ባቡር የሚነሳው ድሬዳዋ መሃል ከተማ ካለው ለገሀር ሳይሆን ከከተማ ውጭ ካለው ጣቢያ ነው፤ የሚያደርሰውም ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ናጋድ ነው። በደረሱበት ምሽት ጀልባ መያዝ ስህተት ነው፤ አንድ ሌሊት ከተማ አድራችሁ በማግስቱ ተሻገሩ። ፓስፖርትና ቪዛ ቀድመው ይለቁ። ሦስተኛው ወቅቱ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ አሸዋ ይዞ ስለሚነፍስ ለጀልባም ለሰውም ከባድ ነው።

አስጎብኚ ስትመርጡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ሰው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? መብራት ማን ይይዛል? ወደ ኤሊዋ የምታቀርቡን በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ከአካባቢው ጥበቃ ሰዎች ፈቃድ አላችሁ? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ ሰው ሥራውን አያውቅም። «ካላያችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» የሚለውን ቃል ኪዳን በተለይ ሽሹት። የዱር እንስሳ በቀጠሮ አይመጣም፤ ገንዘቡን መመለስ የማይፈልግ አስጎብኚ ገና በመውጣት ላይ ያለችውን ኤሊ በባትሪ ለማሳየት ይገደዳል። ሌሊቱን ሁሉ ጠብቆ ምንም ሳያዩ መመለስ በዋጋው ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን ቀድሞ የሚናገር አስጎብኚ ታማኝ ነው። በኦማን ራስ አል ጂንዝ ጎብኚዎች ማታና ከንጋት በፊት በቡድን ተከፍለው ከጥበቃው አስጎብኚ ጋር ብቻ ይወርዳሉ፤ በእኛ በኩልም የሚቻል ነገር ነው።

ገበያ ላይ ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ አምባርና ማበጠሪያ ቢቀርብላችሁ አትግዙ። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናቸው፤ የባሕር ኤሊ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅርፊት ድንበር አቋርጦ መነገድ በዚያ ስምምነት የተከለከለ ነው። ባለ ጭልፊት አፏ ዛሬም በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዝግባለች፤ ምክንያቱ በዋናነት ይኸው የጌጥ ንግድ ነው።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ይህን ደብዳቤ ከረጅሙ የበዓል ዕረፍት በፊት እንዲያወጣልን ነው፤ መንገደኛው ትኬት የሚቆርጠው ያኔ ስለሆነ። የሁለቱ ከተሞች የጉዞ ወኪሎችም ስለ መብራት፣ ስለ ልብስና ስለ ቡድን ቁጥር የተባለውን በአንድ ገጽ አትመው ከደረሰኙ ጋር ቢሰጡ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። ገጹን ማዘጋጀት ለሚፈልግ ወኪል ጽፈን በነፃ እንሰጣለን።

በሐረርና በድሬዳዋ የምንሠራ አስጎብኚዎች