የልጅ ልጄ ሲኒ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ልጄ ፋብሪካ ትሠራለች፤ 4 ወር የሞላውን ልጇን የምይዘው እኔ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ደግሞ «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» ይሉናል። የመሀሉን 3 ወር ማን ይሙላልን?

ጎረቤቶቼ «የአብሽ ውሃ አጠጪው» አሉኝ። እኔም የራሴን ልጆች እንዲያው ነው ያሳደግኩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ግን የጡት ወተቱን አልቦ ማስቀመጥን አሳየችን። አሁን ልጄ ጎህ ሳይቀድ በፈላ ውሃ ባጠብነው ሲኒ ታልባለች። ፍሪጅ የለንም፤ ከ4 ሰዓት በላይ አላቆየውም። ወላሂ፣ ሲኒውን ከንፈሩ ላይ ሳስነካው እንደ ትልቅ ሰው ያጣጥማል! ከቀትር በኋላ ግን ለቅሶ ነው። ፋብሪካው ግቢ አንዲት የሕፃናት ማቆያ ክፍል ብትኖር፣ አዝዬው እሄድ ነበር።

አንዲት አያት፣ ከኮምቦልቻ