«ወዶሽ ነው» አንበላት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ማታ ማታ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ የማየው ነገር ያንገበግበኛል። ተማሪዋ ባጃጅ ስትይዝ የሚፈልጋት ወንድ ልጅም ሌላ ባጃጅ ይዞ ይከተላታል። እስከ በሯ ድረስ። ለሰው ብትናገር መልሱ «ወዶሽ ነው» ነው። የሴት ልጅ እምቢታ መግደርደር ነው እያልን ስላሳደግነው፣ መከተሉን ወንድነት አድርጎ ያየዋል። እሷ መንገድ ትቀይራለች፣ ስልክ ቁጥር ትቀይራለች፣ የማታ ትምህርቷን ትተዋለች።

ጠለፋም ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው። የድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ካገባት ይምረው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ግን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ ጋብቻውም አያስጥለውም።

ወላጆች ወንድ ልጆቻችሁን አነጋግሩ። እናንተም ባለባጃጆች፣ «ያችን ባጃጅ ተከተልልኝ» ሲሏችሁ እባካችሁ አትጫኑ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር