ስለ «ማሽን ሄድ» ለታናሽ ወንድሜ

ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ

ውድ ወንድሜ ናሆም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬና አባባስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ስሞክ ኦን ዘ ወተር»ን በጊታር ስትጫወት ቀርጸህ የላክኸውን ሰምቼዋለሁ። «ይሄ የድሮ ዘፈን ለምን አያረጅም?» ላልኸኝ በስልክ መልሼ አልጨርሰውምና ልጻፍልህ።

የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕሎች ይህ ዘፈን ያለበትን «ማሽን ሄድ» አልበም የቀረጹት እዚሁ እኛ ሐይቅ ዳር፣ ሞንትሩ ከተማ፣ በታኅሣሥ 1971 ነው (በፈረንጆቹ)። አልበሙ በመጋቢት 1972 ወጣ። ሰባት ዘፈን ነው፤ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሐሳባቸው በከተማው ካዚኖ (የቁማርና የመዝናኛ ቤት) ውስጥ መቅረጽ ነበር። ታኅሣሥ 4 እዚያው በአሜሪካዊው ሙዚቀኛ በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት ላይ ከታዳሚው አንዱ የምልክት ርችት ወደ ጣሪያው ተኮሰና ሕንፃው ነደደ። ጭሱ በሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ፤ «ስሞክ ኦን ዘ ወተር» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ወደ አንድ ቲያትር ቤት ቢዛወሩ ጎረቤት በጩኸቱ ተማረረ፣ ፖሊስም መጣ። በመጨረሻ ለብርዱ ወራት የተዘጋ፣ ቀዝቃዛ ትልቅ ሆቴል አገኙ። ኮሪደሩን በፍራሽ ሸፍነው፣ ገመዱን ውጭ ወደቆመው የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ መቅረጫ መኪና ዘረጉ። የቀረጹትን መኪናው ድረስ ሄዶ ለመስማት በመኝታ ክፍሎችና በበረንዳ መሽሎክሎክ ስለነበረባቸው፣ መሄዱን ተዉት። እኔን ብትጠይቀኝ አልበሙ ያላረጀው በዚህ ነው፦ እርስ በርስ እየተሰማሙ በአንድነት የተጫወቱት መሠረት ይሰማል፤ የመኳኳል ሽታ የለውም።

ድምፁ ላይ ሁለት ጊታር ያለ ይመስልሃል። አንዱ ግን የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች የጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋን ነው፤ በማርሻል የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ስለሚያልፍ ያጉረመርማል።

አሁን ወደ አንተ ሪፍ፣ ማለት ዘፈኑ ላይ ወደሚደጋገመው የጊታር ሐረግ። ፓወር ኮርድ (መነሻው ድምፅ ከአምስተኛው ጋር) አድርገህ በፒክ (በክር መምቻ) ገርፈኸዋል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ፓወር ኮርድ መነሻውን ድምፅ ከታች ያስቀምጣል። እዚህ ግን መነሻው ጂ ከላይ ነው፣ ከሥሩ ዲ አለ። አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር ብቻ ያዝ (ቁጥሩ ፍሬቱን፣ ማለት የጊታሩን አንገት የሚከፍለውን መስመር ነው፤ 0 ባዶ ክር ነው)፦ 0፣ 3፣ 5። ከዚያ 0፣ 3፣ 6፣ 5። ከዚያ 0፣ 3፣ 5፣ 3፣ 0። ሁለቱም ክሮች ሁልጊዜ አንድ ፍሬት ላይ ናቸው። ፒኩን አስቀምጠህ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ባንዴ ንቀላቸው፤ ፒክ አንዱን ካንዱ ያስቀድመዋል። ክፍቱን ክር በእጅህ ካላፈንከው በዝምታው ላይ እየጮኸ ይቀጥላል። ካስቸገረህ ከባዶው ይልቅ አምስተኛውንና አራተኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያዝ፣ ድምፁ ያው ነው። ዲስቶርሽኑንም (ድምፁን የሚያሻክረውን) ቀንሰው፣ ሲበዛ ሁለቱ ድምፆች ተደባልቀው ይጨቀያሉ። ፍጥነቱ በደቂቃ 112 ምት ገደማ ነው፤ አንተ ግን በ80 ጀምር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከጂ የተነሳ የባቲ ማይነር ቅኝት ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ነው። የሪፉ ድምፆች ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ ናቸው። የምትወጣው 6ኛው ፍሬት ላይ ያለችው ዲ ፍላት ናት፣ ከሥሯ ካለችው ኤ ፍላት ጋር። ክራርህን በባቲ ማይነር ብትቃኘው ሪፉ እስከዚያች ቦታ ይሄድልህና ይቆማል።

ሰው ሁሉ በዚህ ሪፍ ቢያውቀውም፣ አልበሙን ለመማር ከፈለግህ «ሌዚ»ን ስማ፤ ኦርጋኑ ብቻውን ጀምሮ ጊታሩን ሲያስገባ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል ልብ በል። የ«ሃይዌይ ስታር»ን ሶሎ ለጊዜው ተወው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ብላክሞር አስቀድሞ አዘጋጅቶት የገባበት ነው፤ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲውን ባኽን የሚያስታውስ የኮርድ ሂደት ስላለው ኮርዶቹን ሳታውቅ ጣትህን ብቻ ብታሯሩጥ ትርፉ ድካም ነው።

እማዬን ሳምልኝ። አባባን በጣም ናፍቆሃል በልልኝ። ሁለተኛውን ቅጂ ስትልክ አምፑን ከግድግዳው ትንሽ አርቀው።

ወንድምህ ዳዊት