ኪያንጋንንም አትርሱ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ ፊሊፒንስ የሩዝ እርከኖች ሲወራ ሁሌ የሚጠራው ባናዌ ብቻ ነው። ኪያንጋንስ? እዚያው ኢፉጋኦ ተራሮች ላይ ያለች ትንሽ የገበሬ ወረዳ ናት። በ1995 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከመዘገባቸው አምስት የእርከን ቦታዎች አንዱ፣ ናጋካዳን፣ የሷ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓኑ ጄኔራል ያማሺታ በ1945 እ.ኤ.አ. እጁን የሰጠውም እዚያ ነው፤ እሱ ይቅር። ዋናው ሩዙ ነው። ቲናወን የሚሉት የአገሬው ዘር የሚታጨደው በዓመት አንዴ ብቻ ነው፣ ታዲያ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከተማ ሲወርድ የተናደውን ካብ ማን ይጠግን? ውሃውም የሚመጣው ከእርከኑ በላይ ካለው ደን ስለሆነ ደኑ ከተመነጠረ ማሳውም አለቀለት። ቱሪስቱ እንደሆነ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል (እኔም ብሄድ ያው ነኝ)። እስቲ በሚቀጥለው ስለ መልክዓ ምድሩ ሳይሆን ገበሬው ከዚያ ሩዝ ምን እንደሚያገኝ ጻፉልን።