ብርዙና ያ ያስቸገረሽ ምዕራፍ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ትናንት በስልክ «እማ፣ ይሄ የካይኔዝ ምዕራፍ ስም ብቻ ነው፤ ብሸመድደውም አይያዝልኝም» ስትዪኝ ዝም ያልኩት በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። ካይኔዝ ማለት ፎስፌት የምትባል ትንሽ ቁራጭ ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ፕሮቲን ነው፤ ሴል ውስጥ መልእክት የሚተላለፈው እንደዚያ ነው።

ትንሽ ሆነሽ ጠጅ ስንጥል ብርዝ መቅመስ ትወጂ ነበር። አንዴ «ማሩ ማሰሮ ውስጥ ስንት ወር ተቀምጦ ያልፈላው አሁን ለምን ይፈላል?» አልሽኝ። ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እንኳ አይሞላም። እርሾ እዚያ ብትገባ ስኳሩ ውሃዋን ስቦ ያወጣባታል፣ ትጨማደዳለች። ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሰሽ ትንሽ ብትቆዪ ሳህኑ ውሃ ያቁራል፤ ያው ነገር ነው። መጽሐፍሽ ኦስሞቲክ ጭንቀት የሚለው ይሄንን ነው።

ታዲያ እርሾዋ ውሃ እየከዳት መሆኑን በምን ታውቃለች? ሽፋኗ ላይ ኤስኤልኤን1 የሚባል ካይኔዝ አለ። ችግር ሲመጣ የሚነሳ እንዳይመስልሽ። እሱ የሚሠራው ሰላም ሲሆን ነው። ሴሏ ውሃ ጠግባ ሽፋኗ ሲወጠር፣ ፎስፌት ዋይፒዲ1 ለሚባል ሌላ ፕሮቲን ያቀብላል፤ ዋይፒዲ1 ደግሞ ለኤስኤስኬ1። ኤስኤስኬ1 ፎስፌቱን እስከያዘ ድረስ አፉ የተለጎመ ነው። ውሃው ሲወጣ ሽፋኑ ይላላል፣ ኤስኤልኤን1 ሥራ ያቆማል፣ ቅብብሉ ይቋረጣል። ኤስኤስኬ1 ባዶ እጁን ሲቀር ያኔ ይጮኻል።

አንቺና ወንድምሽ ሳሎን ስትጫወቱ እኔ ማጀት ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ስትጯጯሁ ግድም አልነበረኝ። ቢላዋዬን ጥዬ የምሮጠው ድምፃችሁ ድንገት ጭጭ ሲል ነው። እርሾዋም እንደዚያ ናት። ይሄን ከያዝሽ ስሞቹ በራሳቸው ይመጣሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ነው። ኤስኤስኬ1 ኤስኤስኬ2ን ይቀሰቅሳል፣ እሱ ፒቢኤስ2ን፣ ፒቢኤስ2 ሆግ1ን። ሆግ1 በደቂቃዎች ውስጥ ኒውክለስ፣ ማለትም ጂኖቹ ያሉበት የሴሏ እምብርት ገብቶ፣ ግሊሰሮል የሚባለውን ውሃ የሚስብ ነገር ለመሥራት የሚያስፈልጉ ጂኖችን ያስነሳል። ግሊሰሮል የሚያፈስሰው በርም ይዘጋል። ግሊሰሮሉ ሲጠራቀም ውሃ ይመለሳል፣ ሽፋኑ ይወጠራል፣ ኤስኤልኤን1 ቅብብሉን ይቀጥላል፣ ሆግ1ም ያርፋል። ማረፉን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው። ኤስኤልኤን1 ጨርሶ የጠፋባት እርሾ ትሞታለች፤ የሚገድላት ያለ እረፍት የሚሠራው ሆግ1 ነው። ስንት ዓመት አስተማርኩት፣ እዚህ ጋ ስደርስ አሁንም ይገርመኛል።

ሆግ1 የታወቀው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ ደግሞ ፒ38 የሚባለው ዘመዱ በአጥቢ እንስሳት ሴል ውስጥ ተገኘ። አንቺም አለሽ። የኩላሊትሽ የውስጠኛው ክፍል የጨውና የዩሪያ ክምችቱ ከደምሽ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ ያሉት ሴሎች ኑሯቸው ይሄው ነው።

አሁን አንድ ወረቀት አውጪ። ስም ሳትጽፊ ቀስቶቹን ብቻ ሁለት ጊዜ ሳዪ፦ አንዴ ውሃ ሲሞላ፣ አንዴ ውሃ ሲጎድል። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ማታ ከክፍል ስመለስ አየዋለሁ። ምሳሽን ሳትበዪ ግን አትጀምሪ።

እናትሽ